አክስቴን ላመጣ ሄጄ ዋስ ሆኜ ተመለስኩ

በዚያ ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ስማዳ ልሄድ ነው ስል ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኝ ነበር፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ደግሞስ ምን ልትሠሪ? ለመጀመሪያው «ለጊዜው ይኬዳል አሉ» እላለሁ። ለሁለተኛው መልሴ አጭር ነበር፤ አክስቴን ላመጣ።

እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። ከወገዳ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት ጎጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኒህ ሴትዮ ለሠርግ እንኳ ከቤታቸው ውጭ ሁለት ቀን የማያድሩ ናቸው። የሰኔ ጾም በገባ ሰሞን ግን ደውለው፣ የመንደሩ ውሃ ከቆመ ወዲህ ገደል ወርዶ ከወንዝ መቅዳት እንዳቃታቸው፣ ጉልበታቸው እምቢ እንዳለ፣ ቤታቸውን ዘግተው እኔ ዘንድ ሊመጡ እንደቆረጡ ነገሩኝ። «መጥተሽ ውሰጂኝ» ሲሉ ድምፃቸው የእሳቸው አልመሰለኝም። የኋላውን ክፍል ከጨርቅና ከመርፌ አጽድቼ አልጋ ዘረጋሁላቸው። ልብስ ሰፊ ነኝና አንድ ጥሩ ቀሚስም ሰፋሁ። ከዚያ ጉዞ።

ሰኞ

ባለቤቴ ሊሸኘኝ አልቻለም። ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ከእሑድ ጀምሮ ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። እኔ እንደማየው ይህ ሰው ያገባው ማደያውን ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ልብስ ሊቀይር ነው። መናኸሪያ ብቻዬን ሄጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን አንስቶ ጣራ ላይ ሲያስረው ከጎኑ አንድ ቢጫ ጄሪካን አየሁና ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው «ዘይት ነው እናቴ» አለኝ። እኔም የዋሂቱ አመንኩት።

እስከ ወረታ መንገዱ ሜዳ ነው። ሰኔ ሚካኤል አልፎ ሰማዩ አንዲት ደመና የለበትም፤ ሩዝ የሚዘራበት ማሳ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ከወረታ በኋላ ሽቅብ ነው። ደብረ ታቦር ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ረሃቡም ባሰብን። ምሳ ሽሮ በላን። ባሕር ዳር አንዳንዱ ሰው ጾም ሲባል ዓሣ ማለት ይመስለዋል፤ ደብረ ታቦር ግን ጾም ጾም ነው። ሽሮው ግን እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ጉና በስተቀኛችን ቆሞ አብሮን ይጓዛል። በሰኔ ጉም ተከናንቦ ነበር መታየት ያለበት። ራቁቱን ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይህን ተራራ በዚህ ወር እንዲህ አይቼው አላውቅም እያሉ ሦስት ጊዜ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፤ መቼም ከማማተብ ሌላ ከሚኒባስ ውስጥ ምን ይሠራል።

ነፋስ መውጫ ወርጄ ሻንጣዬን ስቀበል ነው ጉዴ የፈላው። ዘይት የተባለው ቤንዚን ነበር፤ ክዳኑ ልል ኖሮ መንገዱን ሁሉ ሻንጣዬ ላይ ሲንጠባጠብ መጥቷል። ቀሚሱ፣ ለአክስቴ የያዝኩት ስኳር፣ የውስጥ ልብሴ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ረዳቱን ልሰድበው ብዞር የለም። ባሕር ዳር ሰው ሌሊቱን ተሰልፎ ያጣውን ነዳጅ እኔ ለብሼው ልዞር ነው።

ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ግን እግዜር ይስጣቸው። በሩ ላይ ቆመው አንዴ አሸተቱኝና ሳይጠይቁ ሻንጣዬን ተቀብለው ጓሮ ወሰዱት። ልብሱን አንድ በአንድ አጥበው ሽቦ ላይ ሰጡልኝ። «የነፋስ መውጫ ነፋስ የማይወስደው ነገር የለም» አሉኝ። ብዙውን ወሰደው፤ ከቀሚሱ ግን አልለቅ አለ። መብራት ስላልነበረ፣ ለጄኔሬተሩም ናፍጣ ስላልተገኘ፣ ድንች ወጥ በልተን በጊዜ ተኛን። ብርዱ! ባሕር ዳር አንሶላ ከብዶኝ የማማርረው ሴት ሁለት ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደረብኩ።

ማክሰኞ

ወደ ደቡብ የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁ። በቤንዚን ሽታዬ ምክንያት ከጎኔ የሚቀመጥ አልተገኘም፣ እኔም ተዘርፍጬ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሸት ጥቅም አለው። ይህ ደስታ የቆየው ቤተ ልሔም መገንጠያ አካባቢ መኪናው ተንተፋትፎ እስኪቆም ነበር። ሹፌሩ ናፍጣ አልቆበታል። ነፋስ መውጫ ላይ እንዳላገኘ፣ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብሎ በተስፋ እንደተነሳ ነገረን። በተስፋ የሚሄድ አይሱዙ ደግሞ አላየሁም።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ስንተከተክ አይተው፣ ቤታቸው ቅርብ እንደሆነና መኪናው ዛሬ እንደማይነሳ ነገሩኝ። ተከተልኳቸው። ቤታቸው ለመድረስ አንድ ጥሩ ዳገት አለ፤ የእሳቸው «ቅርብ» እና የእኔ «ቅርብ» እንደሚለያይ ያወቅሁት መሀሉ ላይ ነው። ባለቤታቸው እግሬን ሊያጥቡኝ ውሃ ይዘው መጡ፤ ከዚያ ቆም ብለው ውሃውን አዩትና ግማሹን ወደ እንስራው መለሱት። እያፈሩ ነበር። እኔም አፈርኩ፣ እግሬን ራሴ በጭልፋ አጠብኩ።

አገሩ ሁሉ ምሕላ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞሩ «እግዚኦ መሐረነ» ሲሉ ከእነሱ ጋር ዞርኩ። ባሕር ዳር ምሕላ በድምፅ ማጉያ ነው፤ እዚያ በሰው ጉሮሮ ብቻ ነው፣ ግን ይበልጥ ይሰማል። ሲያበቃ የኔታን ስለ ዝናቡ ጠየቅኋቸው። ድሮ ገበሬው የዓመቱን ጠባይ በወንጌላዊው ይለይ እንደነበር አጫወቱኝ፤ የማቴዎስ ዘመን እንዲህ ነው፣ የዮሐንስ ዘመን እንዲያ ነው እየተባለ። «አሁን ግን ልጄ፣ አራቱም አንድ ሆኑብን» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ብዙም አልቆየም። ቀጥለው፣ እኛ ኃጢአታችንን እየተናዘዝን ነው፣ ጭሱን የሚያጨሱት ደግሞ ማን ዘንድ እንደሚናዘዙ እንጃ አሉ። ተልባ በስናፍጭ በልተን፣ ጠላ ጠጥተን ተኛን። በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልኝ።

ረቡዕ

አይሱዙው ከየት እንዳገኘ ባላውቅም ናፍጣ ጠጥቶ ጠበቀን። አርብ ገበያ የምትባለውን ከተማ አልፈን ወደ ወገዳ ወረድን። ይህን መንገድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ድንጋዩ ከታች፣ አቧራው ከላይ፣ እኛ መሀል ላይ። ሳምባዬ ቦታውን የቀየረ መሰለኝ። እኔ ባሕር ዳር አስፋልቱ ተቦረቦረ ብዬ የማማርረውን ሁሉ እዚያው መኪና ላይ ማሩኝ ብያለሁ።

ከወገዳ የአክስቴ ጎጥ በእግር ነው። ስደርስ መጀመሪያ የታየኝ ከመንደሩ ራስ ላይ የቆመው ውሃ ነው። ውሃ አልኩ እንጂ ውሃ የለበትም። ትልቅ ታንከር፣ ከታንከሩ ሥር ቦኖ፣ ከቦኖው አጠገብ በቆርቆሮ ቤት የተዘጋ ጄኔሬተር፣ ከጎኑ ደግሞ አግዳሚ ብረቶቹ ባዶ የሆኑ ረጅም የብረት ማቆሚያ አለ። ሶላር ሊገጠምበት የቆመ ነው። መጀመሪያ ፓምፑ በናፍጣ ይሠራ ነበር። የተመረቀ ጊዜ ሹማምንት መጥተው ከቦኖው ጠጥተው ነበር። ከዚያ የናፍጣው ነገር እየራቀ ሄደ፤ «አይዟችሁ፣ ወደ ፀሐይ እንቀይረዋለን» ተባለና ማቆሚያው ተተከለ። ሶላሩ ግን ከመጋዘን አልወጣም። ያ ሁሉ ፀሐይ አናታችንን ሲበሳው ይውላል፣ የሚቀበለው ግን የለም።

እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አቅፈው ሳሙኝና ወዲያው ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ማደያ ነው ያደርሽው?» አሉኝ። ቀሚሱን ወደዱት፤ ግን ለሦስት ቀን አጥር ላይ ይዋል ብለው አወጡት። ቤት ገባሁ። ሙዳዩ፣ ሰፌዱ፣ የእናታቸው መስቀል ሁሉ በአንሶላ ተቋጥሮ ጥግ ይዟል። ላሚቱን ለጎረቤት በአደራ ሰጥተዋል። እውነትም ሊሄዱ ነው። ውሃ እንዳይባክን ብለው ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ነበር የሚጠርጉት። አርብ ጠዋት ልንነሳ ተስማማን። 

ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት አቧራ አስነስተው መኪኖች መጡ። ፒካፕ በፒካፕ ላይ። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆኑ ስም አልጠራም፤ ስሙም ረጅም ነበር። ነጭ ከነቴራ ለብሰዋል፣ ቆብ አድርገዋል፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተጻፈበት ሰፊ ጨርቅ ዘርግተዋል። ችግኝ ሊተክሉ ነው የመጡት። ዝናብ ሳይጥል፣ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ እያለ። ገበሬዎቹ ዶማ ይዘው የቆፈሩትን ጉድጓድ ዙሪያውን ቆመው ያያሉ። አንዱ ቀስ ብሎ በጆሮዬ፣ ይህ ተክል ሳይሆን ቀብር ነው አለኝ። ችግኞቹ ተተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ውሃ ያጠጣቸው የለም፤ በምን ይጠጡ?

ከዚያ የቡድኑ ኃላፊ ንግግር አደረገ። መላኩ ይባላል፣ ጎልማሳ ነው፣ ኮቱ ጥሩ ስፌት ነው። ዛፍ አትቁረጡ፣ ኩበት አታንድዱ፣ የአየር ንብረት ለውጥ የሁላችንም ጉዳይ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አወጡና ውሃውስ ብለው ጠየቁ። በሂደት ላይ ነው አላቸው። ሂደቱ ምን ላይ እንደደረሰ ጠየቁ። እሱም በትዕግሥት አስረዳቸው፤ ሶላሩ መጋዘን ገብቷል፤ ከመጋዘን እንዲወጣ ርክክብ ያስፈልጋል፤ ለርክክቡ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴው ቦታውን መጥቶ ማየት አለበት፤ ኮሚቴው እስካሁን ያልመጣው በነዳጅ እጥረት ነው።

 ሰዉ ሁሉ አንገቱን አዙሮ የተደረደሩትን መኪኖች አየ። እኔ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ።  ኃላፊው ሰዓቱን አየና አመስግኖ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላው «በሕግ አምላክ!» አሉ።

ሰውየው ቆመ።

ይህን ለከተማ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። በአገራችን የድሮ ሰው ባላጋራውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በሕግ አምላክ» ካለው፣ ያ የተባለው ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። ከተራመደ ሕግ ጣሰ ነው የሚባለው። ከቆመ ደግሞ ክሱን ተቀበለ ማለት ነው፤ ወይ ዋስ ይጠራል፣ ወይ ቁራኛ ይታሰራል። ቁራኛ ማለት የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ፊት የሚሄዱበት ሥርዓት ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ይህ ነገር ከቀረ ቆይቷል። አቶ መላኩ የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ መኪናው ውስጥ ይገባ ነበር። ግን የጎረቤታችን የእስቴ ልጅ ነው። በአያቶቹ እጅ ያደገ ሰው ነው። ሳያስበው ቆመ፣ ከቆመ በኋላ መቆሙ ገባው፤ ያን ጊዜ መሬቱን አየና ከንፈሩን ነከሰ።

ሽማግሌዎቹ ቀረብ አሉ። አንዱ በጨዋ ደንብ፣ ዋስ ይጥሩ አሉት። አቶ መላኩ ፈገግ ለማለት ሞከረና የቀበሌውን ሊቀመንበር አየ፤ ሊቀመንበሩ ስልኩ ላይ አንገቱን ደፋ። ሹፌሩን ጠራ፤ ሽማግሌዎቹ እዚህ መሬት የሌለው ሰው ዋስ አይሆንም አሉ። ባልደረቦቹ ወገዳ ምሳ ታዝዞላቸው ስለነበር «እንጠብቅሃለን» ብለው በየመኪናቸው ገብተው ሄዱ። እንዴት ያለ ወዳጅነት ነው! እትዬ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። እንደ ባለሙያ ልናገርና ቋጠሮው ጥሩ ነበር፤ ሁለት ዙር፣ ኮቱን ሳይጎዳ።

«እንግዲህ አንቱ ጌታው፣ ውሃው እስኪወጣ ቁራኛዬ ነዎት» አሉት። ቀጥለው ምሳ እንብላ ብለው ይዘውት ወደ ቤት ሄዱ።

የተከሰሰ ሰው እንዲህ ሲስተናገድ አይቼ አላውቅም። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አክስቴ ወጥ ሊያወጡ ሲነሱ እሱም አብሮ ይነሳል፤ ጠላ ሊቀዱ ሲሄዱ ተከትሎ ይሄዳል። እጁን ሊታጠብ ሲል አክስቴ ውሃውን በስኒ ለኩለት። ያችን የስኒ ውሃ አይቶ ነው መሰለኝ ፊቱ የተለወጠው። ከበላ በኋላ እውነቱን ተናገረ። ሶላሩ እንዲወጣ ደጋግሞ ጠይቋል፤ ለመትከያው በጀት የለም እያሉ ይመልሱለታል። የመኪና ነዳጅ በጀት ግን አለ። የነዳጅ ገንዘብ ለሌላ ነገር አይዞርም። ሰኔ ሰላሳ በጀት ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተቃጠለ ነዳጅ ካለ ለከርሞ ይቀነሳል። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ ሁሉም መኪና ይወጣል።

አክስቴ ነገሩን በጥሞና ሰሙ። «እንግዲህ ልጄ፣ እዚህ የመጣኸው ነዳጁን ልታቃጥል ነው?»

«አዎ እማማ» አለ። አልዋሸም።

እኔ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ባለቤቴ ማደያ በር ላይ እንደሚያድር፣ የቤተ ልሔም ካህናት በደረቅ ጉሮሮ እግዚኦ እንደሚሉ፣ መሪጌታ ቤት ግማሽ ውሃ ወደ እንስራ እንደተመለሰ፣ ሁሉንም አወረድኩበት። ፀሐይ በነፃ እየወጣች፣ ሰው በገንዘቡ ነዳጅ ገዝቶ ለማቃጠል እንዲህ ይቸኩላል ወይ አልኩት። ደህና አድርጌ ጮህኩ። እሱም እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ በቁራኛ ታስሮ የት ይሄዳል?

ስጨርስ ሹፌሩን ጠራና ከመኪናው ናፍጣ እንዲቀዳ አዘዘው። ሹፌሩ በጎማ ቱቦ እየመጠጠ፣ እየተፋ፣ እያጉረመረመ ጄሪካን ሞላ። የቆርቆሮው ቤት ተከፈተ። ጄኔሬተሩ ብዙ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሳ። ታንከሩ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ቦኖው መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ቀጥሎ ውሃ ሰጠ። መንደሩ ጄሪካንና እንስራ ይዞ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ቦኖው ሥር አቁማ በሳሙና ስትፈትገው ልጁ ይጮሃል፣ ሰው ይስቃል። አክስቴ ሁለት እጃቸውን ሞልተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ደጋግመው ታጠቡ። እኔ አለቀስኩ። የተደሰትኩት ጭስ በሚተፋ ናፍጣ መሆኑ ደግሞ እየቆየ ቆረቆረኝ።

ናፍጣው ወደ ማታ አለቀ። ውሃውም ቆመ። ሽማግሌዎቹ፣ ይህ መንገደኛን ማጠጣት እንጂ ነገሩን መጨረስ አይደለም አሉ፤ ልክ ናቸው። ዋስ አሁንም ይፈለጋል። አቶ መላኩ እኔን አየኝ። የእናቴ የመሬት ድርሻ እዚያ አለ፣ እናቴም እዚያው ደብር ነው የተቀበረችው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ለዋስነት ትበቃለች አሉ። ምን ነካኝ? እንጃ። ሰውየው አለመዋሸቱ ይሆናል፣ እንባዬ አለመድረቁ ይሆናል። «ዋስ ነኝ» አልኩ። አክስቴ ቋጠሮውን ፈቱ።

አርብ

ጠዋት ተነስቼ የአክስቴን ጓዝ ላወጣ ብል ጓዝ የለም። መስቀሉ ግድግዳው ላይ ነው፣ ሰፌዱ ቦታው ገብቷል። እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ እየጠረጉ ነው።

«አልሄድም» አሉኝ።

ጉልበታቸውን አስታወስኳቸው፣ ገደሉን አስታወስኳቸው፣ አልጋው እንደተዘረጋ ነገርኳቸው። ከትናንቱ ውሃ ያጠራቀሙት የጥቂት ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ካለቀ በኋላ ምን ሊሆኑ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጎረቤቶች በየተራ ሊቀዱልኝ ተስማምተዋል አሉኝ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ።

«ልጄ፣ ከሳሽ ከጠፋ ክሱ ይዘጋል» አሉኝ። «እኔ ባሕር ዳር ገብቼ ባንቺ ቧንቧ ብታጠብ እነሱ ደስ ነው የሚላቸው። አንድ ሰው ቀነሰ ይላሉ።»

መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ፒካፑ ናፍጣው ተቀድቶ ወገዳን አልፎ የሚያስኬድ ስላልነበረው ሹፌሩ ነዳጅ ጥበቃ እዚያው ቀረ። «እንጠብቅሃለን» ያሉት ባልደረቦቹም ስላልጠበቁት፣ አቶ መላኩና እኔ ከወገዳ ወደ እስቴዋ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርን፤ እሱ ጤፍ ጆንያ ላይ፣ እኔ ከጎኑ። ያን መንገድ በሕዝብ መኪና ሄዶት እንደማያውቅ ያወቅሁት ገና ግማሽ ሳንደርስ አስመልሶት ሎሚ ስሰጠው ነው። የየኔታ ባለቤት የቋጠሩልኝን ቆሎ ተካፈልን። አቧራ ሲለብስ ደህና ሰው ይመስላል።

መካነ ኢየሱስ እናቱ ቤት አሳደረኝ። እናቱ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ንፍሮና የጾም ወጥ አቀረቡልን፣ ጓዳ ያለውን ምርጥ መኝታ ለእኔ ሰጡኝ። ሲበላ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸው መብላታቸውን አቁመው፣ በሕግ አምላክ ተብለህ በማን ወጣህ ብለው ጠየቁት። ወደ እኔ ጠቆመ። እናቱ ተነስተው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ስይዛቸው፣ «ልጄን አደራ» አሉኝ። ባለሥልጣን ልጃቸውን ለልብስ ሰፊ አደራ ሲሰጡ እሱ አቀርቅሮ እንጀራውን ያያል።

ቅዳሜ

በጠዋት አውቶቡስ ደብረ ታቦር ገባን፤ እሱ ቢሮው እዚያ ነው፣ ወረደ። በሐምሌ ውስጥ ሶላሩን አስወጣለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ፣ ስልኩን ሰጠኝ። እኔ ከሰዓት ባሕር ዳር ገባሁ። ሙቀቱ፣ ዘንባባው፣ ቧንቧው ሁሉ እንዳለ ነው። ቧንቧውን ከፍቼ ትንሽ አየሁትና ዘጋሁት። ባለቤቴ የኋላውን ክፍል በር ከፍቶ እየጠበቀ ነበር፤ ብቻዬን ስገባ አሮጊቷ የት አሉ አለኝ። ከሳሽ ናቸው አልኩት። ለማስረዳት እራት ሙሉ ፈጀብኝ፤ የእኔ ዋስ መሆን ላይ ስደርስ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡም ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ወረደና እነዚያን ችግኞች ጠርጎ ገደል ከተታቸው። አቶ መላኩ መጀመሪያ ስደውልለት ያነሳ ነበር፤ እየሞከርኩ ነው ይለኛል፣ እውነቱን ይመስለኛል። ነሐሴ ላይ ስልኩ ተዘጋ። ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ቢሮውን ጠየቅሁ። ተዛውሯል አሉኝ። ወዴት ብል የሚያውቅ ጠፋ። ኮሚቴውስ ብል አዲስ ኮሚቴ ይቋቋማል አሉኝ። በሩ ላይ ፒካፖቹ ታጥበው ተደርድረዋል።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ደውዬ ነገርኳቸው። ክረምቱ በዝናብ ውሃ እንዳለፈ፣ በጋው ግን እየመጣ እንደሆነ ነገሩኝ።  ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ዋስ ሰውየውን ካላቀረበ በእሱ እግር ይቆማል።

ስለዚህ ልሰፋ የተቀበልኩትን የሰው ልብስ ሁሉ ጨርሼ አስረክቤ፣ ከመስቀል በኋላ ለመሄድ ተነስቻለሁ። ባለቤቴ እብድ ነሽ ይለኛል። ይበል። መንግሥት ያላቀረበውን ሰው እኔ ከየት አመጣለሁ? እኔው ራሴ እቀርባለሁ፤ አክስቴም የነጠላቸውን ጫፍ ከእኔ ጋር ይቋጥሩታል።